ጉራቻ የወደቀበት ክረምት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016

ዛሬ ጠዋት ጉራቻ ወደቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሩ ሥር ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ ከዚያ አራቱ እግሮቹ እንደ እንጨት ደረቁ። ቀጥሎ መሬት ላይ እንደተጋደመ ይዋኝ ጀመር። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሽንቱ አመለጠው። ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያይም፤ እጄን ፊቱ ላይ ባወዛውዝ አልጨፈነም። ሰዓቴን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ካየሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ቆየ። ሲነሳ ግድግዳ ገጨ። እኔን እንደ እንግዳ አሸተተኝ፤ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ውሻ።

የሺሃረግ እሁድ ወደ አዳማ ሄዳለች። ልጃችን ኤፍራታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ስለደረሰ ባለቤቴ ከጎኗ መሆን አለባት። ቤቱ ለእኔና ለውሻው ቀርቶልናል። ውሻው ደግሞ የእሷ ነው። ከበቆጂ በካርቶን ያመጣችው፣ ወተት በጡጦ ያጠባችው፣ ጥቁር ስለሆነ ጉራቻ ያለችው እሷ ናት።

ማታ ስትደውል "ጉራቻስ?" አለች። "ደህና ነው" አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ልጇ ምጥ ላይ ልትሆን ነው፣ ለምን አስጨንቃታለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

በችኮላ። ጉራቻ ዛሬም ወደቀ፣ ደጅ ላይ። የመንደሩ ጥበቃ ቱፋ አየው። ወዲያው ሦስት ጎረምሳ ይዞ መጣ፤ አንዱ ድንጋይ ይዟል።

"ባርሲሳ፣ ይሄ ውሻ አብዷል" አለኝ። ቱፋ ሁልጊዜም በኦሮምኛ መምህር እያለ ነው የሚጠራኝ።

የክትባት ካርዱን አሳየሁት።

"ወረቀቱ መች ይነክሳል? ልጆች በዚህ በኩል ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።"

አሰርኩት። ክሊኒክ ሮጥኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሙንተሲር ድሮ ተማሪዬ ነበር። ላምና በግ ሲያክም ነው የሚውለው፤ ውሻ ይዞለት የሚመጣ ብርቅ ነው። መጥቶ አየው፣ መንጋጋውን፣ አካሄዱን፣ ውኃ ሲጠጣ። "እብድ ውሻ ቢሆን አሥር ቀን አይሰነብትም። ታስሮ ይቆይ፣ ማንም አይጠጋው። እርስዎ ግን ሁሉንም ይጻፉ ቲቸር። ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከመውደቁ በፊት ምን እንዳደረገ" አለኝ።

"ካላበደስ?"

"የሚጥል በሽታ ነው የሚሆነው።"

"ውሻንም ይጥለዋል?"

"ውሻም አንጎል አለው። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" ብሎ ሳቀብኝ።

ቱፋ አሥሩን ቀን ተስማማ። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ስጋ ላይ መርዝ አድርጎ እንደሚያቀርብለት በትህትና ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ በዚሁ መንደር እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሲሞት አይቷል።

እሁድ፣ ሰኔ 9

ዛሬ አረፋ ነው። ፋጡ አጥንት በፌስታል ይዛ መጣች። ፋጡ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከነቢላ ጋር ትኖራለች፤ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በውሻው ምክንያት ከበራችን አልፋ ገብታ አታውቅም። ዛሬ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ጉራቻ ከታሰረበት አምስት እርምጃ ርቃ ቆመች።

"ጋሼ፣ ሲወድቅ ያመዋል?"

ምናልባት አያውቀውም አልኳት።

"ሲነሳ የሆነውን ያስታውሳል?"

የሚያስታውስ አይመስለኝም፣ ግን ይደክመዋል አልኳት።

"ሊወድቅ ሲል ይታወቀዋል?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር! ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነትም ትናንት ከመውደቁ በፊት ገመዱን እስኪወጥር ወደ እኔ ተስቦ ጉልበቴ ላይ አገጩን አስደግፎ ነበር። እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ አይቼው አላውቅም። ወዲያው ጻፍኩት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ተራ በተራ የሚጠይቅ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። ፋጡ ፊደል አልቆጠረችም። ብትማር ኖሮ ምን ትሆን ነበር?

ሰኞ፣ ሰኔ 17

አሥሩ ቀን አለፈ። ጉራቻ በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጮኻል። አላበደም፤ ቱፋም መርዙን ተወው። በእነዚህ ቀናት አራት ጊዜ ወድቋል፤ ሁሉም ጠዋት፣ ሁሉም እንቅልፍ ላይ ወይም ከእንቅልፍ ሲነሳ። ለምን ጠዋት? ሙንተሲርን ጠየቅኩት። "አንጎል ከእንቅልፍ ወደ ንቃት ሲሻገር እሳቱ በቀላሉ ይነሳል" አለኝ። ይህን ሐረግ ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ።

መድኃኒት ጀመርን። ፌኖባርቢታል ይባላል፤ የሰው መድኃኒት ነው፣ ለውሻም ይሰጣል። ጉራቻ ሃያ ኪሎ ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ክኒን። ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ነው። መጀመሪያ እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል፣ ይርበዋል፣ ውኃ ይጠማዋል። ከወራት በኋላ ደሙ ይመረመራል፣ ጉበቱ እንዳይጎዳ። ሙንተሲር ጣቱን አንስቶ ያስጠነቀቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። "በራስዎ እንዳያቋርጡ።"

ፋርማሲ ውስጥ ማዘዣውን የተቀበለችኝ ልጅ "ታካሚው ጉራቻ፣ ዕድሜ ስድስት" ብላ ጮክ ብላ አነበበች። "ልጅዎ ነው?" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ስልሳ ፍሬ ተሰጠኝ። ሁለት ወር ያደርሳል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ጉራቻ ሰክሯል። የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ጋር አይስማሙም። ደረጃውን ሲወርድ ተቀመጠበት። የውኃ ሳህኑን በቀን አምስት ጊዜ ሞላሁ።

ፋጡ መጣች። አሁን በየሁለት ቀኑ ትመጣለች።

"ክኒኑ የሰው ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ሰው ይድንበታል?"

"መውደቁን ያቆምላቸዋል፣ ለብዙዎቹ። እየወሰዱት ብቻ ነው ግን።"

ወሬውን ቀይራ ስለ ዝናቡ አወራች። ጉራቻ እንዴት እንደሚንገዳገድ ላሳያት ፈልጌ ነበር፣ ልቧ እዚህ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ወንድ ልጅ! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ኤፍራታ ደህና ናት። የሺሃረግ ስልኩ ላይ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ "ጉራቻስ?"

"ደህና ነው።"

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ጉራቻ ከወደቀ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። መንገዳገዱም ተወው። የጭላሎ ተራራ ዛሬ ለሩብ ሰዓት ብቅ ብሎ ተመልሶ ደመናው ውስጥ ገባ።

ነገ የልጅ ልጄን ላይ አዳማ እሄዳለሁ፣ አራት ቀን። ውሻውን ለማን እንደምተው ስጨነቅ ፋጡ "ቁልፉን ይስጡኝ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። ውሻ የማትነካው ፋጡ! ክኒኑን ዳቦ ውስጥ ከትታ በረጅም ማንኪያ ልትሰጠው ነው። ሰዓቱንና መጠኑን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከመደርደሪያው በላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ በቀይ "ፈጽሞ አይቋረጥ"። ማንበብ ስለማትችል ነቢላ መጥታ አነበበችላት።

ነቢላን ካየኋት ቆይቷል። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሏት ነው አሉን። ጎበዝ ነበረች። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው፣ ሁለተኛውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ። ክንዷ ላይ ሰፊ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሻይ ስታፈላ ነው አለችኝ። ከአርቦዬ ከተማ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊመጣላት እንደሆነ ፋጡ በደስታ ነገረችኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ትናንት ገባሁ። ልጁ ጆሮው የአባቴን ይመስላል።

ጉራቻ ደህና ነው። ፋጡ አንድም ሰዓት አላሳለፈችም። ክኒኖቹን ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት መሆን ነበረባቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት።

ከመሄዴ በፊት ባሉት ቀናት በስህተት ደርቤ ሰጥቼው ይሆናል። እያነበብኩ ሰጥቼ፣ ረስቼ እንደገና። አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። በሩን ቆልፎ ተመልሶ ይቆልፍ ነበር። መጨረሻ ላይ እኔን "የማን ልጅ ነህ?" ይለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሠላሳ ሁለት መሆን ነበረበት። ሃያ ሁለት ነው።

አሥር ክኒን። ለቀናት ድርብ ስሰጠው ነበርኩ ማለት ነው። እንቅልፍ የበዛበትም ለዚህ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እስከ ማታ ተኝቷል። (ሁልጊዜ ዝናብ ሲሆን ይተኛል። ግን ዛሬ የተለየ መሰለኝ።)

ለየሺሃረግ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ውሻሽ ታሟል፣ የሚያስታምመው ደግሞ አእምሮውን እያጣ ነው ልበላት?

የእጅ አጥንቶችን ስም ከቃል አነበነብኩ። ሃያ ሰባቱንም አልሳትኩም። የትናንት እራቴን ግን ለማስታወስ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ወስኛለሁ። የተጠራቀመው ከሰውነቱ እስኪወጣ ሁለት ቀን ላሳርፈው። ጉበቱን መጉዳት አልፈልግም። ሙንተሲርን ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ክኒን መቁጠር አቃተኝ ብሎ ለተማሪ መናገር ከባድ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ መንገድ ላይ፣ ዝናብ። ወደቀ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አልቆመም። አምስት። ጭቃ ውስጥ ራሱን እየደበደበ። ቱፋ ደረሰ፣ ዱላውን ይዟል። ይመታዋል ብዬ ፈራሁ። ዱላውን ጥሎ ካፖርቱን አወለቀና ከውሻው ራስ ሥር አነጠፈለት። "ደውል፣ ባርሲሳ! ምን ቆመህ ታያለህ!"

ሙንተሲር በሞተር መጣ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ መንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን ዲያዜፓም በፊንጢጣው ሰጠው። በአሥራ ሦስተኛው ቆመ። ለእኔ ዓመት ነበር።

ማታ፦

አሁን ያንኮራፋል። ትንፋሹን እየቆጠርኩ ልጻፈው።

ሙንተሲር ውሻው ከተረጋጋ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። "ስንት ሰዓት ነው የመጨረሻውን ክኒን የወሰደው?"

"ሰኞ ማታ።"

"ማን አቋርጡ አለዎት?"

በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ነገርኩት። ደርቤ ሰጥቼው ነበር፣ መርሳት ጀምሬያለሁ አልኩት። ሙንተሲር አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ይህን መድኃኒት በድንገት ማቆም ካለመጀመር ይከፋል። ለአንጎሉ ልጓም አስገብተንለት ነበር፤ እርስዎ ድንገት ፈቱት" አለኝ።

ፋጡ ከሰዎቹ መሃል ነበረች። "ሰውስ ቢሆን?" አለች።

"ሰውም ያው ነው። ሲቆም ከድሮው ብሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ ወደ ቤቷ ሮጠች። ለአንድ ውሻ እንዲህ ታዝናለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አርብ፣ ሐምሌ 19

መድኃኒቱ ትናንት ማታ እንደገና ተጀመረ። ከዛሬ ጀምሮ በሰጠሁት ቁጥር ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። መስመሩ ካለ ሰጥቻለሁ፣ ከሌለ አልሰጠሁም። ከእንግዲህ የራሴን ጭንቅላት አላምንም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

መስመሮቹ ልክ ናቸው። አንድም የተደረበ የለም።

ክኒኖቹ አሥራ አምስት ተኩል መሆን ነበረባቸው። ስድስት ተኩል ናቸው። ካለፈው ቆጠራ ወዲህ ዘጠኝ ጎድሏል። ዘጠኝ ቀን ነው።

መጀመሪያም በአራቱ ቀን አራት። በአሥሩ ቀን አሥር። በቀን አንድ፤ ወይም ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ አላለም። የወሰደው ሰው ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነው።

ቁልፍ ያለን እኔና ፋጡ ነን። ከሰዓት በኋላ ጉራቻን ይዤ ስወጣ ቤቱ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ላቁም። ውሻው መውጣት ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ሄድኩ። ፋጡ ምጣዱ ላይ በርበሬ ታምስ ነበር፤ ስታየኝ ከእሳቱ አወረደችው።

"ቁልፉን ልትወስዱ ነው የመጣችሁት?" አለች፣ በድንጋጤ ብዙ ሰው ያደረገችኝ ይመስል።

"አይደለም። ማን እንደታመመ ልጠይቅሽ ነው።"

ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከውስጥ ክፍል ነቢላ ወጣች፤ ደረቷ ላይ ደብተር አቅፋለች።

"እኔ ነኝ ቲቸር። እናቴ የወሰደችው የለም፤ ቁልፉን ከእሷ እየሰረቅኩ የገባሁት እኔ ነኝ። ያወቀችውም ጉራቻ መንገድ ላይ የወደቀ ቀን ነው። ሮጣ ገብታ 'መውደቅ ያቆምሽው ከዚያ ክኒን ወስደሽ ነው?' ስትለኝ ነገርኳት።"

"ካወቀችስ በኋላ?"

"አቁሚ እንዳትለኝ ፈራች፣ ውሰጂ እንዳትለኝም ፈራች። ለእርስዎ መናገርም ፈርታ ተወችው።"

የሚጥላት ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ነው። አሁን አሥራ ስምንት ናት። ክንዷ የተቃጠለው የሻይ ጀበናው ላይ ወድቃ ነው። ውሃ ተደገመላት፣ ክታብ ታሰረላት፣ ከትምህርት ቤት ወጣች። ያኔ እናቷ ስትጠይቀኝ የነበረው ሁሉ የነቢላ ጥያቄ ነበር፤ "ሊወድቅ ሲል ይታወቀዋል?" ብላ ያስጠየቀችኝ ነቢላ ናት፤ ልትወድቅ ስትል አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም ስለሚመጣባት።

ደብተሩን ሰጠችኝ። አራት ዓመት! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን ያህል እንደቆየ እናቷን እየጠየቀች፣ የወር አበባዋ ቀን፣ የተኛችበት ሰዓት። ከሐምሌ 5 ጀምሮ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ግማሽ ክብ። ከሐምሌ 8 በኋላ የወደቀችበት ቀን የለም።

"እንደ ጉራቻ ሆንኩ" አለች። "መጀመሪያ ተንገዳገድኩ። ምግብ አማረኝ። ከዚያ ተወኝ። ወረቀትዎ ላይ ያለውን ብቻ ነው ያደረግኩት።"

"ነቢላ፣ ሃያ ኪሎ ውሻ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። ለእኔ እንደሚያንስ አስቤ ነበር። ግን ከዚያ በላይ ብወስድ ቆጠራዎ ቶሎ ይጎድላል።"

ልቆጣ መጥቼ ነበር። ደብተሩን እያገላበጥኩ ምን ያህል ተቀምጬ እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ክኒኑ ለውሻው ብቻ ቢሆን ለአራት ቀን ያህል እንደቀረ፣ እሷና ውሻው እኩል ከተካፈሉት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚያደርስ ትዝ አለኝ።

"ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን" አልኩ።

ፋጡ ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ሰው ያየናል! አርቦዬ ይሰማል! ጋሼ፣ ልጄን አትግደሉብኝ።"

"ካልሄድን ነው የምንገድላት።"

ነቢላ እናቷን አልተመለከተችም። "ስንት ሰዓት እንገናኝ?" አለችኝ።

አርብ፣ ሐምሌ 26

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን አምስት ሰዓት ገባን። ፋጡ ፊቷን ሸፍና ማዶ ተቀመጠች፣ የማታውቀን ይመስል። ስማችን ሲጠራ ግን ቀድማ የገባችው እሷ ናት።

ዶክተር ራሄል ወጣት ናት። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። "እንዲህ መጻፍ ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። መድኃኒቱን ግን የቲቸር ውሻ ነው ያስተማረኝ።"

ዶክተሯ ወደ እኔ አየች። ነገርኳት፣ ምንም ሳልደብቅ። አልሳቀችም። የሌላውን መድኃኒት መውሰድ እንዴት ሊገድላት ይችል እንደነበር ለነቢላ በማያሻማ ቋንቋ አስረዳቻት። ከዚያ በጥንቃቄ መረመረቻት፣ ደም አስወሰደቻት፣ በራሷ በነቢላ ስም ማዘዣ ጻፈችላት። ማታ ሙሉ ክኒን፣ በየወሩ ክትትል፣ ስታገባና ልጅ ስታስብ ቀድማ መጥታ መናገር አለባት።

ፋጡ "ታገባለች ማለት ነው?" አለች።

"ለምን አታገባም?"

ከሙንተሲርም ለጉራቻ አዲስ ማዘዣ ተቀበልኩ። አእምሮዬን ምንም እንዳልነካው፣ ፈርቼ የእጅ አጥንቶችን ከቃል እስከመቁጠር መድረሴንም ነገርኩት። "ለነገሩ ሃያ ሰባት አጥንት ቆጥሮ አእምሮዬን አጣሁ የሚል ሰው ብቻዎን ነዎት" አለኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 5

አዳማ። ክርስትና። የሺሃረግን ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"አውቄ ነበር" አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ውሻ ስጠይቅህ 'ጫማዬን በላ፣ ደጁን ቆፈረ' ነበር የምትለኝ። በዚህ ክረምት 'ደህና ነው' ስትል አንድ ነገር እንዳለ አወቅኩ። የፈራሁት ግን ላንተ ነው።"

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ነቢላ የአርቦዬውን ልጅ ራሷ ደውላ ስለ በሽታዋ ነገረችው። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚል መልእክት መጣ። ፋጡ ቁልፌን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፣ ሳታናግረኝ። ብትቀየመኝ ይገባታል። ነቢላ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጉራቻ ዛሬ ወደቀ፣ አርባ ሴኮንድ። ሙንተሲር ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል፣ ከሳሳ ይበቃናል ብሏል።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 5

ፋጡ መጣች። ከበሩ ውጭ ቆማ "የተመዘገበችበትን ወረቀት አንብቡልኝ" አለች። አነበብኩላት። "አሥረኛ ክፍል" የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 8 ቀን 2017

ነቢላ ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ ክፍል ውስጥ ብወድቅስ ብላ ትጨነቃለች። "ቲቸር፣ እርስዎ ሲያስተምሩ ክፍል ውስጥ የወደቀ ተማሪ ነበር?" አለችኝ።

"አላስታውስም" አልኳት።

አስታውሳለሁ። 1994 ዓ.ም.፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ በመስኮት በኩል የምትቀመጥ ልጅ። የማስተምረው ስለ ቅጠል ነበር። ስትወድቅ ወንበር ተገለበጠ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ክብሪት ጭሬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት፤ ሰው ሁሉ ሲያደርግ እንዳየሁት። በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ ሌሎቹን ትረብሻለች፣ ቤቷ ትረፍ ብዬ ጻፍኩ። ተመልሳ አልመጣችም። ስሟን አልያዝኩም፣ ጠይቄም አላውቅም።

አርብ፣ መስከረም 10

ለነቢላ እውነቱን ነገርኳት። ፊቷን ማየት ከብዶኝ ነበር። አልወቀሰችኝም። "የት ትሆን?" አለች ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የ1994ን መዝገብ አቧራ አራግፈን አገኘነው። ፈይሩዛ፣ የትውልድ ቦታ ሳጉሬ። ከስሟ ትይዩ በራሴ እጅ ጽሑፍ "አቋርጣለች"።

ቅዳሜ፣ መስከረም 11

ሳጉሬ። ሚኒባሱ በጭቃው ሁለት ጊዜ ቆመ። የእህል ገበያው ውስጥ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ ወደ አንዲት ትንሽ ሱቅ ጠቆሙኝ። ስንዴና ምስር ትሸጣለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ትመስላለች። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ የሉም።

ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበር አወጣችልኝ። ቲቸር አለችኝ፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ስለ ሌሎቹ መምህራን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አሁንም ይጥላታል። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ። አላገባችም፤ ከእህቷ ጋር ትኖራለች።

ስለ ነቢላ፣ ስለ ዶክተሯ፣ ስለ ውሻውም ነገርኳት። ውሻው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች። ከዚያ ሚዛኑ ላይ የቀረውን ስንዴ በመዳፏ ጠረገች።

"ቲቸር፣ ያኔ መድኃኒት እንዳለው ያውቁ ነበር?"

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ዕድሜዬን አይታ ታምነኝ ነበር።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

አንዲት ሴት መጥታ ምስር ጠየቀች፤ ፈይሩዛ መዘነችላት፣ ቋጠረችላት፣ ሸኘቻት። ከዚያ እጆቿን በሽርጧ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ሐኪሟ በየትኛው ቀን ነው የምትገኘው?"

"ሰኞም ትገኛለች።"

"ሰኞ ሱቁን እህቴ ትይዝልኛለች" አለች።